ለአንቲ አድዋን አትተርኩላቸው

አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ምዕራብ በኩል የሀበሻ ዝግጅት ሳስተባብር ብዙ አመቴ ነው። አሁን አሁን የአገሩን ነባር ህዝብ፣ የአቦርጅናል ሽማግሌዎችን መጋበዝ ለምደናል (ሴቷን አንቲ፣ ወንዱን አንክል ብሎ መጥራት ክብር ነው)፣ ደስ ይላል፣ ግን ያው ስህተት ሲደጋገም አይቼ አይቼ ስለመረረኝ ልፃፈው። ግማሹን እኔም ሰርቼዋለሁ። (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

በጣም የሚያበሳጨኝን ላስቀድም። አንድ ሀበሻ ከአቦርጅናል አዛውንት ጋር አምስት ደቂቃ ካወራ አድዋ መነሳቷ አይቀርም። መነሳቷ ባልከፋ፣ ቀጥላ የምትመጣው ናት፦ "እኛ እኮ ቅኝ አልተገዛንም፣ እናንተ ምነው ዝም አላችሁ?" ባለፈው አንዱ ወንድማችን ይችን ለአንዲት አንቲ ሲላቸው አጠገባቸው ቆሜ ሰማሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማነው ዝም አሉ ያለህ? የነሱው ተዋጊ ፔሙልዉይ ሲድኒ ዙሪያ እስከተገደለበት እስከ 1802 ድረስ እንግሊዞችን ከአስር አመት በላይ ተዋግቷል። ሌላው ተዋጊያቸው ጃንዳማራ በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ኪምበርሊ ላይ ፖሊስን ሶስት አመት ሲያስጨንቅ ኖሮ የተገደለው በ1897 ነው፣ አድዋ በሆነች በአመቷ ማለት ነው። ምኒልክ ጠመንጃ የሚሸጥላቸው አውሮፓዊ ነበራቸው፣ ለነዚህ ማን ይሽጥላቸው? በዛ ላይ ገና በ1789 ሲድኒ ላይ ፈንጣጣ ገብቶ ስንቱን ጨርሷል። ደግሞ ሩቅ ምን አስኬደን፣ እዚሁ ሰፈራችን የፉትስክሬይ ባቡር ጣቢያን ድልድይ እንጀራ በፌስታል አንጠልጥለን ስንሻገር በማን ስም እንደተሰየመ ስንቶቻችን እናውቃለን? በዊልያም ኩፐር ነው፣ ዮርታ ዮርታ ከሚባለው የአቦርጅናል ህዝብ ናቸው፣ እዚሁ ፉትስክሬይ ነበር የሚኖሩት። በዲሴምበር 1938 ናዚዎች አይሁዶች ላይ ያደረሱትን ግፍ ተቃውመው ሰው አስከትለው ጀርመን ቆንስላ ድረስ ሄደዋል፣ የራሳቸው ህዝብ በገዛ አገሩ መብት ተነፍጎ እያለ። ደብዳቤያቸውን የሚቀበል እንኳን አላገኙም። እና እኚህን ሰዎች ነው ዝም አላችሁ የምንላቸው?

"ነጭ ትመስላለህ እኮ፣ እውነት አቦርጅናል ነህ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ቀላ ያሉ ልጆች ከእናታቸው ጉያ እየተነጠቁ እንደ ነጭ እንዲያድጉ የተደረገበት አገር ነው፣ መንግስት በ2008 ይቅርታ የጠየቀው ለዚህ ነው።

ጃንዋሪ 26፣ የአውስትራሊያ ቀን ተብሎ እንግሊዞች መጥተው የሰፈሩበት የሚከበርበት ቀን፣ ባርቤኪው ጠርታችሁ እነሱን አትጋብዙ። በቃ።

ሶሪ ቢዝነስ ሲባል ለቅሶ ማለት ነው። አንድ አንክል በዚህ ምክንያት ሁለቴ ስብሰባ ሲቀሩ ከኛ ሰው "እነዚህ ሰዎች ቀጠሮ አያከብሩም" የሚል ተገኘ፣ ሶስት ቀን ድንኳን ጥሎ የሚቀመጥ ህዝብ ይሄን ማለቱ ይገርማል። የሟቹን ስም መጥራትና ፎቶውን መለጠፍም ብዙ ቦታ አይወደድም፣ ቤተሰቡን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

አሁን የራሴን ልናዘዝ። ዌልካም ቱ ካንትሪ የሚባለውን፣ እንኳን ወደ መሬታችን መጣችሁ የሚለውን ስነ ስርአት የሚያደርገው የዛው መሬት ሽማግሌ ብቻ ነው፣ እኛ እንግዶቹ አክኖውሌጅመንት፣ ማለትም ለመሬቱ ባለቤቶች እውቅና መስጠት ነው የምንለው፣ ይሄን አውቅ ነበር። ያላወቅኩት ሽማግሌዎቹ ለስራ እንደሚመጡና እንደሚከፈላቸው ነው። ለእንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ሲቀረው የሜልቦርን ነባር ህዝብ ከሆኑት ከዉሩንጀሪዎች ለአንዲት አንቲ ደውዬ "ቡናና ምግብ አለ፣ ብቅ ይበሉ" አልኳቸው፣ ዲጄውን ግን ከወር በፊት ቀብድ ሰጥቼው ነበር! ደግነታቸው መጡ። የባህር ዛፍ ቅጠል በእቅፋቸው ይዘው፣ ሊያጥኑን። እሳቱ ገና ሲጀማምር የአዳራሹ አላርም ጮኸ፣ ሁለት መቶ ሰው የሀበሻ ልብስ እንደለበሰ መኪና ማቆሚያው ላይ ወጣ፣ እኔ በላብ ተጠመቅኩ።

እዛው ደጅ ላይ አጠኑን። አንዷ እናታችን ቅጠሉን ቆረጥ አድርጋ አሸተተችና "ውይ፣ እንጦጦ እንጦጦ ይላል" አለች፣ ተረጎምኩላቸው፣ በምኒልክ ጊዜ ከዚህ አገር ሄዶ አዲስ አበባን የከበባት ዛፍ መሆኑንም ነገርኳቸው። አንቲም "ዉሩንጀሪ የሚለው ስማችን ራሱ ከዚህ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ነው የመጣው፣ ዉሩን ይባላል" አሉና "ወስዳችሁት ነው ለካ!" ብለው ሳቁ።

ክፍያውን በማግስቱ ይቅርታ ጠይቄ ላክሁ። አሁን ለሴፕቴምበሩ በጁን ነው የምደውለው፣ አዳራሹንም ጭስ ትፈቅዳላችሁ ወይ ብዬ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።