ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ቢት ቁጠሩ

ኤፍፒጂኤ (ውስጡን ሰርኪት ራሳችሁ የምታዋቅሩት ቺፕ) ላይ ዲጂታል ፊልተር፣ ማለትም ከሲግናል የማይፈለገውን የሚያጣራ ስሌት፣ ልትሠሩ ነው እንበል። እጃችሁ ወደ ቬሪሎጉ፣ ሰርኪቱ ወደሚጻፍበት ቋንቋ፣ ይሮጣል። ቆይ! መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ።

ግብዓቱ 16 ቢት፣ ኮኤፊሸንቱም (ግብዓቱ የሚባዛበት ቁጥር) 16 ቢት ቢሆን፣ ሲባዙ 32 ቢት ይወጣል። ፊልተሩ 64 ታፕ (የማባዛት እርከን) ካለው 64 ውጤቶች ይደመራሉ፤ ለዚያ 6 ቢት ጨምሩ። 38 ቢት ላይ ደረስን። በዛይሊንክስ 7 ሲሪስ ቺፖች ውስጥ ያለው የማባዣ ብሎክ 25 በ18 ቢት ያባዛል፤ ማጠራቀሚያው 48 ቢት ነው። ቦታ ሞልቷል። መሃል ላይ ምንም አትቁረጡ።

ጣጣው መውጫው ላይ ነው፤ 38ቱን ወደ 16 መመለስ አለ። እኔ በጀማሪነቴ የታችኞቹን ቢቶች ዝም ብዬ ጣልኳቸው። ስፔክትረሙ (ሲግናሉ በፍሪኩዌንሲ ተዘርዝሮ የሚታይበት ሥዕል) ላይ፣ ልክ ዜሮ ፍሪኩዌንሲ ላይ፣ ዝቅ ያለች ግን የማትጠፋ መስመር ቆመች። ሁለት ሳምንት ሙሉ የአናሎጉን ክፍል ስወቅስ፣ ማጉያውን ስነቅል ስተክል ከረምኩ። መጨረሻ ላይ ኤዲሲውን (አናሎግ ሲግናልን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን) ዘልዬ እዚያው ቺፑ ውስጥ የተሠራ ሳይን ሰጠሁት። መስመሯ ንቅንቅ አላለችም። ለካ ቢት መጣል ቁጥሩን ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚገፋው፤ በአማካይ የመጨረሻዋን ቢት ግማሽ ያህል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከምትጥሏቸው ቢቶች መካከል በላይኛዋ ቦታ ላይ 1 ደምሩና ከዚያ ቁረጡ።

ከላይ በኩል ደግሞ ቁጥሩ ከሞላ ይገለበጣል። ትልቅ አዎንታዊ የነበረው በአንዴ ትልቅ አሉታዊ ይሆናል። ድምፅ ከሆነ ጆሮ ይበሳል። ጣሪያው ላይ እንዲቆም አድርጉት።

ይህን ሁሉ አስቀድማችሁ በፓይተን ጻፉት፣ በኢንቲጀር ብቻ። የቬሪሎጉ ሲሙሌሽን ከሱ ጋር ቢት በቢት መግጠም አለበት። እኔ ያወዳደርኩት ከፍሎት (ነጥብ ካላቸው ቁጥሮች) ስሌት ጋር ነበር፤ ልዩነቷን ሳያት «ትንሽ ናት» ብዬ አለፍኳት። ሁለቱን ሳምንት የበላችብኝ እሷው ናት።

ክሎኩንም፣ ሥራውን በምት የሚመራውን ምልክት፣ አትናቁት። 14 ቢት ኤዲሲ በስሌት 86 ዴሲቤል ገደማ የሲግናልና የኖይዝ ልዩነት ይሰጣል። 100 ሜጋኸርዝ ሲግናል ስታስገቡበት ግን ክሎኩ 1 ፒኮሰከንድ ብቻ ከተንቀጠቀጠ ወደ 64 ዴሲቤል ይወርዳል። የ14 ቢት ከፍላችሁ 10 ቢት ተኩል እንኳ አላገኛችሁም ማለት ነው። ስለዚህ የኤዲሲውን ክሎክ ከኤፍፒጂኤው አታውጡ፤ ከንጹህ ኦሲሌተር (የማይዛነፍ ምት ከሚያመነጭ ዕቃ) በቀጥታ ስጡት።