የሁለት ተመሳሳይ ሰዓቶችን ማሽን እንዴት ማወዳደር ይቻላል?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሁለት አውቶማቲክ ሰዓት ቀርቦልዎ ሻጩ «ይሄኛው ኦሪጅናል ነው» ብሎ እጥፍ ዋጋ ቢጠራ፣ ለማጣራት ማጉያ መነጽርና ስልክ ይበቃዎታል።

1. መጀመሪያ የጀርባውን ክዳን ያንብቡ። ሰዓቱ ሴኮ ከሆነ ክዳኑ ላይ ባለ ሰረዝ ቁጥር አለ፤ ከሰረዙ በፊት ያሉት አራት ምልክቶች የማሽኑ መለያ ናቸው። ክዳኑ «7ኤስ26» (7S26) የሚል ከሆነ ማሽኑ ባለ 21 ድንጋይ (ጁወል፤ መፋተግን የሚቀንስ ትንሽ ድንጋይ) ነው። ፊቱ ላይ 17 ወይም 25 ጁወልስ ተጽፎ ካዩ ፊቱ ወይም ክዳኑ ከሌላ ሰዓት የመጣ ነው። አዲስ ቀለም ተቀብቶ የሚሸጥ አሮጌ ሴኮ ፋይቭ አንዳንዴ በዚህች ብቻ ይያዛል።

2. አመታቱን ይለኩ። የሰዓት መለኪያ አፕ ከፍተው ሰዓቱን ከስልኩ ማይክ ያስጠጉ። የስዊዘርላንዶቹ ማሽኖች ኢቲኤ 2824-2 እና ሴሊታ ኤስደብሊው200 በሰዓት 28,800 ጊዜ ይመታሉ፤ የሴኮዎቹ ኤንኤች35 እና 4አር35 ደግሞ 21,600። ይህ ዘሩን እንጂ ወንድማማቾቹን፣ ለምሳሌ ኢቲኤውን ከሴሊታው፣ አይለይም።

3. ስሙ ብዙ አያስጨንቅዎ። ኤንኤች35 ሴኮ ለሌሎች ሰዓት አምራቾች የሚሸጠው ማሽን ነው፤ በሥራው ከ4አር35 ጋር አንድ ነው። የማይታወቅ ስም ባለው ሰዓት ውስጥ ቢያገኙት «ፎርጅድ» አይበሉት። ሴሊታም ድሮ ለኢቲኤ ማሽን ይገጣጥም የነበረ ድርጅት ነው። 2824-2 እና ኤስደብሊው200 ሁለቱም 25.6 ሚሊ ሜትር ስፋትና 4.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው፤ ኢቲኤው 25፣ ሴሊታው 26 ድንጋይ አለው። እኔ ለኢቲኤ ስም ብቻ ብዬ ብር አልጨምርም።

4. ጌጡን ከሥራው ይለዩ። ክንድ ሲንቀሳቀስ የሚዞረው ግማሽ ክብ ብረት ላይ ያለው ሸንተረርና ሰማያዊ ብሎን ለዓይን ነው እንጂ ሰዓቱን አያስተካክልም። ጀርባው መስታወት ከሆነ ሰዓቱን ዘንበል አድርገው ግማሽ ክቡ ዞር ሲል ከሥሩ ያለውን ይዩ፤ ከላይ ተሸልሞ ከሥር ልሙጥ ከሆነ ጌጡ እዚያ ላይ ያበቃል። ያገለገለ ሰዓት ላይ ግን ከሁሉ በፊት የብሎኖቹን አፍ ይዩ። ጠርዙ የተላጠ ብሎን ካለ፣ ማሽኑ ልምድ የሌለው እጅ ገብቶበታል፤ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ይተዉት። ክዳኑ ድፍን ከሆነና ሻጩ እዚያው አቧራ ላይ ልክፈተው ቢል እሺ አይበሉ፤ ሰዓት ሠሪ ቤት ይክፈተው።

5. ደረጃውን ይጠይቁ። ገንዘብ የሚያስጨምረው ልዩነት እዚህ ነው። ኢቲኤ 2824-2 በአራት ደረጃ ይወጣ ነበር፦ ስታንዳርድ፣ ኤላቦሬ፣ ቶፕ እና ክሮኖሜትር። ስታንዳርዱ በቀን በአማካይ እስከ 12 ሴኮንድ፣ ቶፑ እስከ 4 ሴኮንድ እንዲዛነፍ ይፈቀድለታል። ቶፑ የተሻለ ባላንስ (እየተወዛወዘ አመታቱን የሚወስነው ጎማ) እና የፀጉር ስፕሪንግ (ባላንሱን የሚመልሰው ቀጭን ጥምዝ ሽቦ) አለው፤ ባላንሱ መሐል ላይ ድንጋዩን የያዘችው ቀጭን ሽቦም አብዛኛውን ጊዜ የክራር ቅርጽ ያላት ኢንካብሎክ የተባለችው የመውደቅ መከላከያ ናት።

6. በመጨረሻ ሰዓቱን ሙሉ በሙሉ ሞልተው በአፑ ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ አንዴ ፊቱን ወደ ላይ አስተኝተው፣ አንዴ በጎኑ አቁመው። በሁለቱ መካከል የሰፋ ልዩነት ካለ ቶፕ ነው ለሚልዎ ሻጭ የስታንዳርድ ዋጋ ይስጡት።