የኤርሶፍት ማነጣጠሪያችሁ አስቸግሯል? ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት

ኤርሶፍት (ቢቢ የሚባሉ ትናንሽ የፕላስቲክ ጥይቶችን በሚተኩስ ጠመንጃ የሚደረግ ጨዋታ) የሚጫወት ሰው ዒላማ ሲስት መጀመሪያ የሚወቅሰው ማነጣጠሪያውን ነው። ሬድ ዶቱን (መስታወቱ ላይ ቀይ ነጥብ የሚያሳየውን ማነጣጠሪያ) አውልቆ ሌላ ይገዛል። እሱም እምቢ ሲለው ወደ ስኮፕ፣ ማለትም አጉልቶ ወደሚያሳየው ማነጣጠሪያ፣ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ወይም ደግሞ የተገዛው ዕቃ ለዓይኑ፣ ለጭምብሉ ወይም ለሚጫወትበት ርቀት አይሆንም። ካርድ ከመምዘዛችሁ በፊት ችግሩን ለዩት።

አንድ ነገር ይቅደም። ማንኛውንም ነገር ስትነካኩ የመከላከያ መነጽር አድርጉ፣ ካዝናውን ንቀሉ፣ ከዚያ አንድ ሁለቴ ወደ መሬት ተኩሱ። ካዝናው ቢወጣም አንዲት ቢቢ ውስጥ ልትቀር ትችላለች።

ነጥቡ ዒላማው ላይ ነው፣ ቢቢው ግን ሌላ ቦታ ይመታል

ከሁሉም የተለመደው ይሄ ነው። 20 ሜትር ላይ ካርቶን አቁሙ። ጠመንጃውን ቦርሳ ላይ አስደግፉና አንዷን ምልክት ብቻ እያነጣጠራችሁ አምስት ቢቢ አንድ በአንድ ተኩሱ። ከዚያ ሄዳችሁ የመታበትን ቦታ እዩ።

አምስቱም ተጠጋግተው፣ ግን ከምልክቱ ግራ ወይም ታች ካረፉ ጠመንጃው ደህና ነው፤ ያልተስተካከለው ማነጣጠሪያው ነው። ሁለቱን ማስተካከያ ብሎኖች በትንሽ በትንሹ አዙሩ። ብሎኑ ላይ ያለው ቀስት ቢቢዋ የምትሄድበትን አቅጣጫ ያሳያል። ታች እየመታ ከሆነ ወደ ላይ ወደሚለው አዙሩ ማለት ነው። ነጥቡ ራሱ በተቃራኒው ሲንቀሳቀስ ብታዩ አትደናገጡ፣ ልክ ነው።

ከተበታተኑ ግን የ500 ዶላር ማነጣጠሪያም አያድናችሁም። አፈሙዙን ከውስጥ ጥረጉ፣ ደህና ቢቢ ግዙ፣ ቀጥሎ ሆፕ-አፑን እዩ። ሆፕ-አፕ ቢቢዋን ከላይ ነክቶ ወደ ኋላ የሚያሽከረክራት ትንሽ ጎማ ነው። ርቃ የምትሄደው በዚህ ሽክርክሪት ነው። ካነሰ ቶሎ ትወርዳለች። ከበዛ ቀጥ ብላ ሄዳ መጨረሻ ላይ ሽቅብ ትነሳለች። 40 ወይም 50 ሜትር ድረስ እኩል ሄዳ ቀስ ብላ እስክትወርድ አስተካክሉት። ቅደም ተከተሉ አይዛባ፦ መጀመሪያ የምትጫወቱበትን የቢቢ ክብደት ምረጡ፣ ቀጥሎ ሆፕ-አፕ፣ ማነጣጠሪያው መጨረሻ። ከ0.20 ግራም ወደ 0.28 ከዞራችሁ ሁሉም እንደ አዲስ ነው።

ይህን ሙከራ መናፈሻ ወይም የአፓርትመንት ጓሮ ውስጥ እንዳታደርጉት። የመጫወቻ ሜዳው ላይ አድርጉት። አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ይህን ለልጆቻችሁ ደጋግማችሁ ንገሩልኝ። ማነጣጠሪያ የተገጠመለት ኤርሶፍት ከሩቅ ከእውነተኛው አይለይም። በ2014 ክሊቭላንድ ውስጥ የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ መናፈሻ ውስጥ የኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ ሳለ ፖሊስ ተኩሶ ገድሎታል። ሽጉጡ ላይ መጫወቻ መሆኑን የሚያሳየው ብርቱካናማ ጫፍ አልነበረም። ጫፉን አትንቀሉ፣ በመንገድ ላይ በተዘጋ ቦርሳ ያዙት።

ቅርብ ስተኩስ ሁሌ ታች ይመታል

ብልሽት አይደለም። ብዙ ጠመንጃ ላይ ማነጣጠሪያው ከአፈሙዙ 6 ወይም 7 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። 3 ሜትር ላይ ቢቢዋ ያን ያህል ዝቅ ብላ ታርፋለች። ህንጻ ውስጥ ስትጫወቱ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አነጣጥሩ፤ በቃ።

ባለፈው ያስተካከልኩት ዛሬ ተዛብቷል

ማነጣጠሪያውን በእጃችሁ ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ከተነቃነቀ ችግሩ ማሰሪያው ነው። ሬል (ማሰሪያው የሚያዝበት፣ ጠመንጃው ላይ ያለ ባለ ቦይ ሐዲድ) ሁሉ አንድ አይደለም፤ ፒካቲኒና ዊቨር የሚባሉ ዓይነቶች አሉ። የፒካቲኒ ሬል ቦይ ስፋቱ 5.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ የዊቨር ደግሞ ከ4.6 ብዙም አያልፍም። ለዊቨር የተሰራ ማሰሪያ ፒካቲኒ ላይ ይገባል፣ ግን ክፍተት ይቀረዋል። ስለዚህ ወደ ፊት ገፍታችሁ ይዛችሁ ነው ብሎኑን የምታጠብቁት። ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ ጨምሩበት። ቀዩን አታድርጉ፣ ያለ ሙቀት አይፈታም።

ነጥቡ ኮከብ ወይም ነጠላ ሰረዝ ይመስላል

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ በከንቱ ይባክናል። ሰው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል፣ ቀጣዩም እንደዛው ይሆንበታል። መጀመሪያ በስልካችሁ ካሜራ በማነጣጠሪያው ውስጥ አሳልፋችሁ ነጥቡን እዩት። ካሜራው ላይ ክብ ሆኖ ከታየ ማነጣጠሪያው ንጹህ ነው፤ ጉዳዩ የዓይን ነው። ሌላም መፈተኛ አለ። በማነጣጠሪያው ውስጥ እያያችሁ እንደ መኪና መሪ አዙሩት። የነጥቡ ጭራ አብሮ ካልዞረ ከዓይናችሁ የመጣ ነው። አስቲግማቲዝም ይሉታል፣ በጣም የተለመደ ነው።

መፍትሄው ብርሃኑን መቀነስ ነው። ብዙዎች ከሚገባው በላይ አድምቀውት ነው የሚጫወቱት። የዓይን መነጽር ካላችሁ ከመከላከያ መነጽሩ ሥር አድርጉት። ያም ካልበቃ ሬድ ዶትን ተዉትና ፕሪዝም ስኮፕ ግዙ። ምልክቱ መስታወቱ ላይ የተቀረጸ ስለሆነ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ባትሪው ቢሞትም አይጠፋም። እግረ መንገዳችሁን የዓይን ሐኪም ዘንድ ጎራ በሉ።

ጭምብል ሳደርግ ነጥቡ አይታየኝም

ጭምብሉ ጉንጫችሁን ከሰደፉ ስላራቀው ዓይናችሁ ከመስታወቱ በላይ ይሆናል። ከፍ የሚያደርግ ማሰሪያ ግዙና ከሥሩ አስገቡ። ዋጋው ትንሽ ነው። ከፍታውን ስትለኩ ጭምብሉንና መነጽሩን አድርጋችሁ ለኩ። ለማየት ብሎ መከላከያውን ገለጥ ማድረግ ግን በፍጹም አይሆንም። ቢቢ ዓይን ያጠፋል።

የማነጣጠሪያው መስታወትም በአንድ ቢቢ ይሰነጠቃል። ከፊቱ የሚታሰር ግልጽ የፖሊካርቦኔት መከላከያ አብራችሁ ግዙ።

ስኮፑ ጥቁር ጥላ ያሳያል፣ ወይም ይደበዝዛል

ጥላው ዓይናችሁ በጣም ስለቀረበ ወይም ስለራቀ ነው። ብዙ ስኮፕ ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ይፈልጋል። በሬሉ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሳችሁ ሙሉ ክብ እስኪታይ ፈልጉት። ድብዝዝ ካለ ደግሞ ስኮፑ ለሩቅ ተኩስ፣ ብዙውን ጊዜ ለ100 ያርድ፣ የተስተካከለ ነው። ወደ 10 ያርድ የሚወርድ የርቀት ማስተካከያ ያለው ካልሆነ ማጉያውን ከመቀነስ ሌላ መላ የለውም።

ለዚህ ነው ለኤርሶፍት 9 እጥፍ የሚያጎላ ስኮፕ የማልመክረው። አብዛኛው ጠመንጃ በደንብ የሚመታው 50 ወይም 60 ሜትር ድረስ ነው። ጫካ ውስጥ ለሚጫወት ከ1 እስከ 4 እጥፍ ይበቃል፣ ህንጻ ውስጥ ለሚጫወት ተራ ሬድ ዶት። የነጥቡ መጠን 2 ይሁን 4 ኤምኦኤ (የነጥቡ መጠን የሚገለጽበት የማዕዘን መለኪያ) ብላችሁ አትጨነቁ፤ 50 ሜትር ላይ 4ቱ የሚሸፍነው 6 ሴንቲሜትር ያህል ነው። አሁንም ካልወሰናችሁ ጠመንጃው ላይ ባለው የብረት ማነጣጠሪያ ጥቂት ጨዋታ ተጫወቱ። አብዛኛውን ጊዜ በስንት ሜትር እንደምትተኩሱ ያኔ ታውቃላችሁ፣ የምትገዙትንም በዚያ ርቀት ምረጡ።