የነርቭ ሐኪም ጋር መቼ እንሂድ? ምንስ ይዘን?

እኛ ዘንድ የተናደደም፣ ወገቡን ያመመውም፣ እንቅልፍ ያጣውም “ነርቭ ነው” ይባላል። የነርቭ ሐኪም የሚያየው ግን አንጎልን፣ ኅብለ ሰረሰርን፣ ነርቭንና ጡንቻን ነው። ቀዶ ጥገና አይሠራም። ጭንቀትና ድብርትም የአእምሮ ሐኪም ድርሻ ናቸው።

መጀመሪያ ጊዜ የማይሰጠውን ለዩ። ፊት ባንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ድንገት ከዛለ፣ አፍ ከተሳሰረ፣ ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፈንዳት) ሊሆን ይችላል። “ብርድ መታው” ብላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በየሆስፒታሉ ባይገኝም ቶሎ መድረስ ይጠቅማል። የጀመረበትን ሰዓት ያዙ።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ማሽተት ዛሬም አልቀረም። ተዉት። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። 5 ደቂቃ ካለፈው ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ሥራ የሚያስፈታ ራስ ምታት ሲመላለስ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ወይም የእግር መደንዘዝ እየባሰ ሲሄድ ግን ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። ከደምበጫም ከቡሬም ተነስታችሁ ባሕር ዳር ወደ ነርቭ ሐኪም ስትሄዱ፣ በተለይ በጤና መድን የምትታከሙ ከሆነ፣ የሪፈር ወረቀት ያዙ።

ከወረቀቱ እኩል የሚያስፈልገው ሕመሙ ሲነሳ ያየ ሰው ነው። ያጎቴ ልጅ መጀመሪያ ብቻውን ሄዶ “ወደቅሁ፣ ነቃሁ” ከማለት ሌላ የሚናገረው አልነበረውም። በቀጠሮው እናቱን አስከተለ። እሷም “ኧረ መጀመሪያ ቀኝ እጁ ብቻ ነው የሚንዘፈዘፈው፣ ከዚያ ነው የሚወድቀው” አለች። ሐኪሙ ቀና ብሎ አያትና መጻፍ ጀመረ። ቀኝ እጅ ከጀመረ መነሻው ከአንጎል ግራ በኩል ሊሆን ይችላላ! ያየው ሰው አብሮ መሄድ ካልቻለ፣ ሕመሙ ሲነሳ በስልክ ይቅረጽላችሁ። የሚወሰደውንም መድኃኒት ከነማሸጊያው ያዙ።

እዚያ ጉልበታችሁን በትንሽ መዶሻ ይነካሉ፣ መዳፈ እግር ይጭራሉ፣ በቀጥታ መስመር ያስኬዳሉ። የውስጥ አካል ምስል የሚያነሳው ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ የሚታዘዘው ካስፈለገ ነው። ራስ ላይ ሽቦ ተለጥፎ የአንጎል ሞገድ የሚነበብበት ኢኢጂ አያምም። ግን ፀጉራችሁን ታጥባችሁ ሂዱ፤ ቅቤ ከተቀባ ሽቦው አይይዝም።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ያለ ሐኪም ፈቃድ አታቋርጡ። ጸበል ስትገቡም ኪኒኑን ይዛችሁ ግቡ። ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው መልሳችሁ አስጽፉ።