ነፋስ ሲበረታ የጀልባ ሸራ ማሳጠር፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ውስጥ የቅሬ (የእድር) ድንኳን ሲተከል አንድ ጥግ ይዞ የሚያውቅ ሰው ነፋስ ምን እንደሚያደርግ አይነገረውም። ሸራው ድንገት ሲነፋ እጅ ይገነጥላል። የጀልባ ሸራም ያው ነው። እዚህ ግን ከእግር ስር መሬት የለም። እኛ የምንቀዝፍበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል።

እኔና ጓደኛዬ ትንሿን ጀልባችንን ያሠራናት ኮምቦልቻ ነው። ሸራዋን ደሴ ያለ ድንኳን ሰፊ ሰፋልን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቅ እንወርዳለን። ጧት ውሃው ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ሙሉ ሸራ ይበዛባታል። ያኔ ሸራውን ከግርጌው አጥፎ ማሳጠር ነው። ለዚህም ከግርጌው ከፍ ብሎ በፊትና በኋላ ጠርዙ አንዳንድ የብረት ቀለበት አለው፤ በመሃል ደግሞ ትንንሽ ማሰሪያዎች ተሰፍተውበታል።

ከሁሉ በፊት አንድ ሂሳብ ያዙ። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ደስ እያላችሁ የያዛችሁት ሸራ፣ በ30 ኪሎ ሜትር አራት እጥፍ ይጎትታችኋል። እኛ አካባቢ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ፍጥነት ያለው ነፋስ ከባህር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ግፊት አለው። እሱን ተማምኖ ግን መዘናጋት አይገባም።

ጀልባዋ በጎኗ ትተኛለች፣ ፍጥነት ግን አትጨምርም

ሸራው በዝቶባታል። ስትጋደም ነፋሱ ወደፊት ከመግፋት ይልቅ ወደ ጎን ይገፋታል። ለጊዜው የሸራውን መጎተቻ ገመድ ላላ አድርጉ፤ ወዲያው ቀና ትላለች። ከዚያ ሸራውን እጠፉ። ብዙ ሰው ሸራ ካነሰ ጀልባዋ ትዘገያለች ብሎ ይፈራል። እኛም ፈርተን ነበር። ስናጥፈው ቀጥ ብላ ቆመች፣ ፍጥነቷም ጨመረ።

መሪው ይከብዳል፣ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ይዞራል

ይህ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው፤ አትለፉት። ዋናው ሸራ የጀልባዋን ኋላ ገፍቶ ስለሚያዞራት ነው፤ ስትጋደም ደግሞ ይብስባታል። ከመሪው ጋር አትታገሉ። አጣሞ የተያዘ መሪ እንደ ፍሬን ይይዛታል። ገመዱን አላሉ፣ ዋናውን ሸራ አሳጥሩ። ከፊት ሌላ ትንሽ ሸራ ካለ እሱን ብቻ ቀድሞ ማውረድ ስህተት ነው፤ ግፊቱ በሙሉ ወደ ኋላ ይቀርና መዞሯ ይብሳል።

ሸራው አልወርድ ይላል

ነፋስ ይዞታል። አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሩ፣ መጎተቻውን ልቀቁ። ሸራው እንደ ባንዲራ ሲውለበለብ በቀላሉ ይወርዳል። በዚህ ሰዓት ጭንቅላታችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ሸራው ስር ያለው አግዳሚ ዘንግ ይወዛወዛል።

ከታጠፈ በኋላ እንደ ከረጢት ይነፋል

የኋላው ቀለበት በደንብ አልተወጠረም፣ ወይም ሸራውን ወደ ላይ የሚሰቅለው ገመድ ላልቷል። ሁለቱንም ወጥሩ። ዝርግ ያለ ሸራ ነው የሚፈለገው።

ሸራው ማሰሪያዎቹ ጋ ተቀደደ

ይህ የኔ ጥፋት ነው። ነፋሱ ሲያጣድፈኝ የመሃሉን ትንንሽ ማሰሪያ ቀድሜ፣ ያውም ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ። የኋላውን ቀለበት ገና አልያዝኩትም። አንድ ኃይለኛ ነፋስ መጣና ጨርቁ ትርርር ሲል ሰማሁት። ከሦስት ማሰሪያዎች ስር ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቶ ነበር። ድንኳን ሰፊው አገላብጦ አየውና ቀዳዳዎቹን ሳይሆን የኋላውን ቀለበት ያዘ። ዙሪያው ጨርቁ ስድስት ድርብ ነው። «ጉልበቱን እዚህ ነው ያደረግሁላችሁ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ሸክሙን የሚሸከሙት ሁለቱ የጠርዝ ቀለበቶች ናቸው። የመሃሉ ማሰሪያ የተረፈውን ጨርቅ ከመንጠልጠል ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ሸራውን ትንሽ ዝቅ አድርጉና መጀመሪያ የፊቱን ቀለበት ያዙ። ቀጥሎ መስቀያውን ገመድ ጥብቅ አድርጋችሁ ወጥሩ። ከዚያ የኋላውን ቀለበት ወደ ታችም ወደ ኋላም ስባችሁ ዘንጉ ላይ እሰሩ። ትንንሾቹ መጨረሻ ላይ፣ ላላ ተደርገው ይታሰራሉ። ሸራውን መልሳችሁ ስትዘረጉ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈቱት እነሱ ናቸው። አንዷን እንኳ ረስቶ ሸራ መስቀል ያው መቅደድ ነው።

መቼ ይታጠፍ?

«ልጠፈው ይሆን?» የሚል ሐሳብ ሲመጣ። የማዕበሉ ጫፍ ነጭ አረፋ ማውጣት ከጀመረ ለትንሽ ጀልባ ዘግይቷል። እኛ ዳር ላይ ሆነን የባህር ዛፉን ጫፍ እናያለን። ቅርንጫፉ ሁሉ የሚወዛወዝ ከሆነ ጀልባዋን ውሃ ሳናስገባ አጥፈን እንነሳለን። የመንሳፈፊያ ጃኬት ግን ነፋስ ኖረም አልኖረም ይለበሳል።

ልምምዱን ነፋሱ ገና ባልበረታበት ጧት አድርጉት። ጓደኛዬ መሪውን ይዞ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ያቆማል፣ እኔ ቀለበቶቹን እይዛለሁ። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ፈጅቶብን ነበር። አሁን ሁለት ደቂቃ አይሞላም።