ፋየርፎክስ የት ሄደ? ሊኑክስ ላይ ስሙ የተቀየረ ብራውዘር ሲገጥማችሁ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ያለችው የጥገና ሱቃችን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር መጡ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተው ነው፣ ውስጡ ዴቢያን 8 የሚባል አሮጌ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሲስተም) አለ። «ልጄ፣ ኢንተርኔት መክፈቻው ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። ሳየው ሰማያዊ ሉል ላይ የተጠመጠመ ነጭ እንስሳ ነው፣ ከሥሩ «አይስዊዝል» ይላል። «ቫይረስ አይደለም ጋሼ፣ ፋየርፎክስ ነው» ብላቸው አላመኑኝም። እውነታቸውን ነው፣ ስሙም መልኩም ሌላ ነዋ! እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ስለሚበዛብኝ ጻፍኩት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ችግር 1፦ ፋየርፎክስ የለም፣ የማላውቀው ብራውዘር ግን አለ

ምክንያቱ፦ የኮዱ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ) ፈቃድና የስሙ ፈቃድ ለየቅል ናቸው። የፋየርፎክስን ኮድ ማንም ወስዶ ሊቀይረው ይችላል። «ፋየርፎክስ» የሚለው ስምና የቀበሮው ምልክት ግን የሠሪው፣ የሞዚላ፣ የንግድ ምልክት ናቸው። 2006 ላይ ሞዚላ ዴቢያንን የሚያዘጋጁትን «በስማችን የምትጠቀሙ ከሆነ ምልክቱንም አብራችሁ አድርጉ፣ ኮዱ ላይ የምትቀይሩትንም አስፈቅዱን» አላቸው። የምልክቱ ሥዕል ደግሞ ያኔ ፈቃዱ ነፃ ስላልነበረ በዴቢያን ደንብ አይገባም፤ የቆየ ስሪት ላይ የደህንነት ጥገና ባደረጉ ቁጥር ደጅ መጥናትም አልፈለጉም። ስለዚህ ስሙን ቀየሩት። 2007 የወጣው ዴቢያን 4 ፋየርፎክስን አይስዊዝል፣ የሞዚላን የኢሜይል ፕሮግራም ተንደርበርድን ደግሞ አይስደቭ ብሎ መጣ። 2016 ላይ ተስማሙና ፋየርፎክስ በስሙ ተመለሰ።

እኔ በሁለቱም አልፈርድም። ሞዚላ ስሙን ባይጠብቅ ማንም ክፉ ነገር ጨምሮበት «ፋየርፎክስ ነው» ብሎ ያከፋፍለው ነበር።

ለጋሼ እንዲህ አስረዳኋቸው፦ «ቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስምዎ ይጠራሉ፣ የጡረታ ደብተሩ ላይ ደግሞ ሌላው ስምዎ ነው ያለው። ሰውዬው ግን ያው እርስዎ ነዎት።» ይሄኔ ገባቸው።

መፍትሄው፦ ስሙ አያስጨንቃችሁ፣ ዕድሜው ግን ያስጨንቃችሁ። ሄልፕ ከሚለው ሜኑ አባውት የሚለውን ክፈቱና ቁጥሩን እዩ። የጋሼ 38 ይላል፤ 2015 የወጣ ነው። ለዴቢያን 8 ይወጣ የነበረው የረጅም ጊዜ የደህንነት ማሻሻያም 2020 ላይ ቆሟል። እንዲህ ከሆነ ብራውዘሩን ብቻ ማደስ አይበቃም፣ ሲስተሙን አዲስ ጫኑ። ከዚያ በፊት ግን ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኦ ተጫኑ፣ ቡክማርኮቹ (የተቀመጡት ገጾች አድራሻ) ይመጣሉ። ኢምፖርት ኤንድ ባክአፕ ከሚለው ውስጥ ወደ ኤችቲኤምኤል ኤክስፖርት አድርጉና ፍላሽ ላይ ያዙት። አደራ፣ ይህን ሳታደርጉ ፎርማት እንዳትጀምሩ! የሰው የዓመታት ልፋት ነው እዚያ ውስጥ ያለው። አዲሱ ዴቢያን ላይ «ፋየርፎክስ ኢኤስአር» የሚል ታገኛላችሁ፤ ይሄ የሞዚላው የራሱ ነው፣ አዳዲስ ነገር ቶሎ ቶሎ የማይጨመርበት ረጅም ድጋፍ ያለው ስሪት።

ችግር 2፦ ክሮሚየም ላይ በጉግል አካውንት ገብቼ ቡክማርኬ አልመጣም

ምክንያቱ፦ ክሮሚየም ክሮም አይደለም። ክሮሚየም ክፍት ኮዱ ነው፣ ክሮም ደግሞ ጉግል በዚያ ላይ የራሱን ጨምሮ በራሱ ስም የሚያወጣው ነው። እዚህ ላይ ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ጉግል ከማርች 15፣ 2021 ጀምሮ የሲንክ አገልግሎቱን (ቡክማርክና የመሳሰለውን በአካውንት ከኮምፒውተር ኮምፒውተር የሚያመጣውን) ለክሮሚየም ዘግቶታል። ተበላሸ ብሎ አራት ጊዜ አጥፍቶ የጫነ ልጅ አውቃለሁ፣ የወር ዳታው አለቀበት። መቶ ጊዜ ብትጭኑት ለውጥ የለውም።

መፍትሄው፦ ሲንኩ የግድ ከሆነ ክሮምን ከጉግል ገጽ ላይ አውርዳችሁ ጫኑ። ካልሆነ ፋየርፎክስ የራሱ አካውንትና ሲንክ አለው፣ እኔ እሱን ነው የምመክረው። የሚከፈልበት ፊልም ክሮሚየም ላይ አልከፍት ካለም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ተመሳሳይ ነው፦ ቅጂ መከላከያው ዋይድቫይን አብሮት አይመጣም።

ችግር 3፦ ራሴ ኮምፓይል ያደረግኩት (ከኮዱ የገነባሁት) ፋየርፎክስ «ናይትሊ» ብሎ መጣ

ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ልጆች ይህን ይጠይቁኛል። አልተሳሳታችሁም። ኮዱ ሲገነባ ኦፊሻል ብራንዲንግ የሚለው ምርጫ ካልበራ የቀበሮው ምልክት አይገባም፣ በምትኩ ሉል ነው የምታዩት። አሠራሩ ላይ ችግር የለም። ኮዱን ቀይራችሁ ለጓደኛ በፍላሽ ልትሰጡ ካሰባችሁ ግን ያን ምርጫ አታብሩት፤ የቀየራችሁትን «ፋየርፎክስ» ብላችሁ ለማከፋፈል የሞዚላ ፈቃድ ያስፈልጋል። የራሳችሁን ስም አውጡለትና ስጡት።