የልጅዎን ስም በየትኛው ፊደል ይጽፉታል? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስም ለመምረጥ ወራት ይፈጃል። አያት ይጠየቃሉ፣ የንስሐ አባት ይማከራሉ፣ እናት በልቧ የያዘችው ይኖራል። ፊደሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው የልደት ሰርተፍኬት የሚሰጥበት መስኮት ላይ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው። እኔም የተሳሳትኩት እዚያው ነው።

አንደኛው ስህተት «ሁሉም ያው ነው» ማለት ነው። ልጄን ሥምረት ብዬ ላስመዘግብ ስሄድ ጸሐፊዋ በ«ስ» ጀመረችው። «በንጉሡ ሠ ነው» አልኳት። ቀና ሳትል «ያው ስምረት ተብሎ አይደል የሚነበበው?» አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፤ ዝም አልኩ። ያን ወረቀት ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል።

እርግጥ በአማርኛ ድምፁ አንድ ሆኗል። ትርጉሙ ግን ፊደሉ ላይ ቀርቷል። ሠርቀ ብርሃን የሚለውን ስም ይመልከቱ። በግዕዝ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፣ ብቅ አለ ማለት ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ የሚባለው ነው። በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ያው የምናውቀው ሌብነት ነው። አንዲት ፊደል የወጣውን ብርሃን የተሰረቀ ታደርገዋለች። ዓለም በዐይኑ ዐ፣ ኃይሉ በብዙኃኑ ኀ፣ ሐና በሐመሩ ሐ፣ ጽዮን በጸሎቱ ጸ፣ ፀሐይ በፀሐዩ ፀ ነው። ካልተማመኑ ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ፤ ከዚያ በወረቀት ጽፈው ይዘው ይሂዱ።

ሁለተኛው፣ ከወረቀት ወረቀት መለዋወጥ ነው። የክትባት ካርዱ ላይ ሀና፣ ትምህርት ቤት ሃና፣ ዲፕሎማው ላይ ሐና። ለእኛ ጆሮ አንድ ናት፤ ኮምፒውተር ላይ ግን ሀ፣ ሃ እና ሐ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ አባትዎ ዕድሜ ልካቸውን «ሀይሉ» ብለው ከፈረሙ አይንኩባቸው። ፊደል የሚመረጠው ገና ሲጀመር ነው።

ሦስተኛው፣ የላቲኑን አጻጻፍ ለፓስፖርት ቀን መተው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። ሕይወት የምትባል አንዷ በኤች-አይ-ደብሊው-ኦ-ቲ ትጽፋለች፣ ሌላዋ መሃል ላይ ዋይ ትጨምራለች። ቀ በኬም በኪውም ይጻፋል። ሯጩን ቀነኒሳ በቀለን ዓለም የሚያውቀው ሁለቱም ቀ በኬ ተጽፈው ነው፤ በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ግን ቀነኒሳ በኪው ይጀምራል። ጫልቱ ደግሞ በቁቤ በሲ ነው የምትጀምረው። ቁቤ የማያውቅ ፈረንጅ «ካልቱ» ሊላት ይችላል። ለእሱ ብለው ኤች ቢጨምሩበት፣ ቁቤ አንባቢው «ቻልቱ» ብሎ ያነበዋል። እኔ ብሆን ቁቤውን አልነካም፤ ፈረንጁ አንዴ ቢነገረው ይለምደዋል። ዓረብ አገር የምትሄድ ኸድጃም እንዲሁ ናት። ፓስፖርቷ ላይ በኬ ብቻ ከተጻፈች፣ ወደ ዓረብኛ የሚገለብጠው ሰው በከ ሊጀምራት ይችላል። ኬ ላይ ኤች መጨመር ስሟን ያተርፍላታል።

የአጠራሩ ነገር ቀላል ነው። ኢዮብ ወይስ እዮብ፣ ኤልሳቤጥ ወይስ ኤልሳቤት? ቤት ውስጥ የሚጠሩበትን ይጻፉ። አንዱን ጽፎ በሌላው መጥራት ልጁን በየክፍሉ «እንዲህ ነው የምባለው» ሲል ያኖረዋል።

የመጨረሻው፣ ሳያነቡ መፈረም ነው። ጸሐፊዋ ስክሪኑን ወደ እርስዎ እንድታዞር ይጠይቁ። ጣትዎን እያስኬዱ ፊደል በፊደል ያንብቡት፤ አማርኛውንም ላቲኑንም። ሰልፉ ይጠብቅ። እኔ አሁን ያቺን አንዲት ፊደል ለማሳረም ማመልከቻ ጽፌ እየተመላለስኩ ነው።